ከወጨጫ ጫፍ የተላከ ሰላምታ

ወጨጫ፣ መስከረም 14 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሸዋገነት፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ዱባለስ ደኅና ነው? ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጃችሁን ይጠብቅላችሁ። እኔ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም።

«ሞተሃል ወይስ ተቀይመኸኛል?» ብለሽ ለላክሽብኝ፣ ሁለቱም አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ሥራዬን ለማንም እንዳልናገር ስለታዘዝኩ ነው። ይቅር በይኝ። አሁን አለቃችን ፊታውራሪ ሀብተማርያም ራሳቸው ፈቀዱልኝ። «እህትህማ የኛው ናት። በሷ ጨውና ሳሙና አይደል እንዴ ሰው የመሰልነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ ወር ከሱዳን በኩል ዓባይን ተሻግሮ በበቅሎ ተጭኖ አንድ ራዲዮ መጣልን። የሚናገር ሳይሆን የሚያንኳኳ ነው፤ ጠላት ሳይገባ ቴሌግራፍ ቤት ሳለሁ እሠራበት የነበረው ዓይነት። እኔ በጣቴ ሳንኳኳ ገሜዳ ወዬሳ አጠገቤ ተቀምጦ እጀታውን እንደ ወፍጮ ያዞርልኛል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከሱ ክንድ ነው። ገሜዳ ከጫፉ ሥር ያለችው የመጨረሻዋ ጎጆ ባለቤት ነው። ባለቤቱ ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ነው የምታበላን። ሽቦውን በሁለት የአስታ ግንድ መካከል እንወጥረዋለን። ከዚህ ከፍታ ስንልክ ጎጃም ያሉት ቀኝአዝማች አሰፋ ጥርት አድርገው ይሰሙናል፤ ወደ ታች ከወረድን ግን ተራራው ድምፁን ይውጠዋል። ጭጋግ እየላስን እዚህ ጫፍ ላይ የምንኖረው ለዚህ ነው። አንቺ ልብስ ከምታጥቢበት ከጣሊያን ካምፕ የምትልኪልን የካሚዮን ቁጥር ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

«ጣሊያን አይሰማችሁም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። ይሰማል። ነገር ግን ወሬውን የምንልከው በምስጢር ቁጥር ነው፤ እኔና የቀኝአዝማች ሰው ብቻ እንፈታዋለን። ሰላምታውን ግን በግልጽ አማርኛ በፈረንጅ ፊደል እልከዋለሁ፤ ምክንያቱም የፊታውራሪ ሰላምታ ከወሬው ሦስት እጥፍ ይረዝማል። በቁጥር ልለውጠው ብል ቀኑ አይበቃኝም። አንድ ቀን ለማሳጠር ብሞክር ተቆጡኝ። «ያበላህን ሰው ስሙን ሳትጠራ አመሰግናለሁ ማለት ምን ዓይነት ምስጋና ነው? ሰላምታ ደግሞ ምስጢር ሆኖ አያውቅም» አሉ። ስለዚህ የሚያበሉንን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠራን ለቀኝአዝማች እናስተዋውቃለን፤ እሳቸውም በፈንታቸው የነሱን ሰዎች ይጠራሉ። ያንቺንም ስም፣ የዱባለንም ስም ሲያስጽፉኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ኮልፌ ጎጃም ድረስ ተሰማች።

አንብበሽ አቃጥዪው።

ወንድምሽ ጉልላት

*

ኮልፌ፣ መስከረም 23 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጉልላት፤

ደብዳቤህን ሰብሌ በማገዶዋ መሃል አድርጋ አደረሰችልኝ። ያቺ ሴት እንጨት ተሸክማ ከወጨጫ ኮልፌ ስትመላለስ ጎኗ ተላጠ፣ አንተ ደግሞ በዚያ ላይ አራት ገጽ ትጭንባታለህ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለህ። ሁለት ወር ሙሉ ባልለቀስኩህ ቀን ስሰድብህ ነበር።

ስሜን በሰማይ ላይ ላክሁት ብለህ የምትኮራብኝ ነገር አልገባኝም። እኔን ጎጃም ማን ያውቀኛል? ያልተዘረጋ ሸማ አይቆሽሽም ይላል የኛ ሥራ፤ ስሜን ብትተወው ይሻለኝ ነበር። ፊታውራሪን ግን እጅ ነሥቻለሁ በላቸው፤ ማመስገናቸው የጨዋ ልጅነት ነው።

ካምፑ ውስጥ ያው ነው። የሚታጠበው ልብስ በዝቷል፤ በቀን ሁለት ባኞ ሞልቼ አጥባለሁ። እሑድ ዕለት አንድ ሽማግሌ ለባንዲራቸው አልተነሣህም ብለው መንገድ ላይ ገረፉት። ጅራፉ የሚያርፈው በሥጋው ላይ ሳይሆን በአጥንቱ ላይ ነበር። የገረፉት ሰዎች ሸሚዝ ማታውኑ ለእጥበት መጣልኝ፤ አጠብኩት፣ ምን ላድርግ። ማክሰኞ አሥራ አንድ ካሚዮን በአምቦ መንገድ ወጥቷል፤ አራቱ ላይ መድፍ አለ።

ስለ ዱባለ ጠይቀኸኛል። ለሥራ ወጥቷል፣ ደኅና ነው። ሲመለስ ራሱ ይጽፍልሃል።

ካልሲ ሁለት ጥንድ፣ ጨውና ሳሙና ልኬልሃለሁ። ሳሙናውን ለራስህም ተጠቀምበት፤ ሰብሌ ሽታህን ነግራኛለች።

እህትህ ሸዋገነት

*

ወጨጫ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእታለም፤

እንደምን አለሽ ብዬ ብዙ ልጽፍ አልቻልኩም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰብሌ እንደ ነገረችሽ ነው፤ አልተጋነነም።

ሐሙስ ጧት ከገሜዳ ጋር ጫፉ ላይ ነበርን። እሱ እጀታውን ሲያዞር እኔ ሳንኳኳ ጭጋጉ ድንገት ገለጥ አለና ከሥራችን ጭስ ታየ። ገሜዳ ማዞሩን ተወ። ቁልቁል መሮጥ ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩት። ስንደርስ ባንዶቹ ሄደዋል። ጎጆዋን በውጭ ዘግተው ነው ያቃጠሏት። ባለቤቱና ሁለቱ ሴቶች ልጆች በሩ ሥር ነበሩ፤ እናቲቱ ጣቶቿ እስኪላጡ ድረስ መሬቱን ጭራለች። ወንዱ ልጅ ውጭ ነበር፤ በጥይት ነው የጣሉት። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ አልጽፈውም።

እታለም፣ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ባንዶቹ ሲመጡ አሥራ አንድ ቤት አልፈው ነው በቀጥታ እሱ ቤት የገቡት። ጎረቤቶቹ ሰምተዋል፤ «የገሜዳ ወዬሳ ቤት የትኛው ነው?» ብለው በአባቱ ስም ጠይቀዋል። ስሙን ማን ሰጣቸው? ከወንዶቹ ወደ ገበያ ወርዶ የሚመለሰው መሸሻ ብቻ ነበር፣ የበቅሎው ጫኚ። ፊታውራሪ ሸንጎ ተቀመጡ። መሸሻ ማለ፣ ተገዘተ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሰኞ ካምፑ አጠገብ ምን ታደርግ ነበር ሲሉት የበቅሎ ጫማ ሊያስመታ እንደ ሄደ ተናገረ፤ ማንም አላመነውም። እኔም አላመንኩትም። ፊታውራሪ ጠመንጃውን ለገሜዳ ሰጡት፣ ደሙ የሱ ነውና። ገሜዳ ከአምስት እርምጃ ተኮሰ፤ መጀመሪያ ሆዱን ነው የመታው፤ ሁለተኛውን እስኪተኩስ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጫፉ ወጣና ሥራችንን እንጨርስ አለኝ። እጀታውን አዞረ፣ እኔም የቀረውን ላክሁ።

የዱባለ ነገር ግን አላማረኝም። ሁለተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ፤ ለምን ሥራ፣ ወዴት ነው የወጣው?

ጉልላት

*

ኮልፌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ዋሽቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ተራራ ላይ ሆነህ ብትሰማው ጠመንጃ አንሥተህ ትወርዳለህ ብዬ ፈራሁ።

ዱባለን የወሰዱት በመስከረም 18 ነው። ምሳ እየበላን ነበር። በሩን ሳያንኳኩ ገብተው ስሙን ጠሩ፤ ከኔ ይልቅ እሱን ነው ያዩት፤ እኔን እንደ ዕቃ ገፍተው አለፉ። አስተርጓሚው ወልደ አማኑኤል አብሯቸው ነበር። ታውቀዋለህ፣ የቀራንዮ ልጅ ነው፤ ሚስቱ ፀዳለ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ነው የምትቆመው። ዓይኔን አላየኝም። አሥራ ሰባት ቀን ገረፉት። ጥቅምት 5፣ በገበያ ቀን፣ መንገዱ ዳር ባለው ዋርካ ላይ ሰቀሉት። ፊቱ ስላበጠ በቀበቶው ነው የለየሁት። ሦስት ቀን እንዳይወርድ ከለከሉ። በነዚያ ሦስት ቀናት በሥሩ እያለፍኩ ልብሳቸውን ላጥብ ካምፑ ገባሁ፣ ወጣሁ። ብቀር ያውቁብኛል። እንባዬን ባኞው ውስጥ ነው የጨረስኩት።

አሁን የምጽፍልህ ለዚህ ብቻ አይደለም። ካምፑ መሃል አንድ ድንኳን አለ፤ ጣሊያኑ በጆሮው ላይ ብረት አድርጎ ሲያዳምጥ ይውላል፣ ወልደ አማኑኤል አጠገቡ ይቀመጣል። የዚያ ጣሊያን ሱሪ ለእጥበት መጥቶ ኪሱ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ። ጽሕፈቱ የነሱ ስለሆነ ማንበብ አልቻልኩም። ግን በመስከረም የተጻፈ መሆኑን በጎኑ በአማርኛ ከተጻፈው ቀን አወቅሁ፤ የአስተርጓሚው እጅ ነው። ወረቀቱን መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩና እያንዳንዱን መስመር በዓይኔ እንደያዝኩት እንደ ጥልፍ ቀድቼ ልኬልሃለሁ። ምን እንደሚል ንገረኝ። ባሌን ማን እንደ ሸጠው ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሸዋገነት

*

ወጨጫ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1933 ዓ.ም.

እታለም፤

ዱባለን ነፍሱን ይማረው። ለማጽናናት የሚሆን አፍ የለኝም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቂዋለሽ።

የቀዳሽው ወረቀት ላይ ያለው ሁለት ስም ነው። «ገሜዳ ወዬሳ፣ ወጨጫ» ይላል። ከሥሩ «ዱባለ፣ ኮልፌ» ይላል። ስሞቹ ያሉበት ቅደም ተከተል፣ የ«ወዬሳ» አጻጻፍ ሳይቀር የኔ ነው። ባሌን ማን ሸጠው ላልሽው፣ ማንም አልሸጠውም። እኔ ነኝ ስሙን የላክሁት። መስከረም 10 ቀን በሰላምታው ውስጥ፣ «ጨው የሚልኩልንን፣ እህል የሚያበሉንን እናስተዋውቅዎ» ብለን በግልጽ አማርኛ በጣቴ አንኳኩቼ አደረስኩላቸው። ወሬውን በቁጥር ቆልፌ በሩን በሰላምታ ከፍቼ ተውኩት። ፊታውራሪ ስለ ራዲዮ አያውቁም፤ እኔ ግን ስምንት ዓመት ቴሌግራፍ ቤት ሠርቻለሁ። ሰላምታ ማን ይሰማል ብዬ ነው እንጂ ጣሊያን እንደሚሰማስ አውቅ ነበር።

ለፊታውራሪ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጥለው እስከ ሠርክ አልተነሡም። ሲነሡ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለገሜዳ እንዳትነግረው። ቤተሰቡን ቀብሯል። መሸሻን በከንቱ ገደልክ ብንለው በምን ይሸከመዋል?» ስለዚህ አልነገርኩትም። አሁንም በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጦ እጀታውን ያዞርልኛል። መሸሻን የቀበርነው ከዚህ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ ነው።

በዚያው ሰላምታ ከዱባለ ቀጥሎ ያንቺንና የጠላ ሻጯን የካሳነሽን ስም ልኬያለሁ። ቀድተሽ በላክሽው ላይ የላችሁም፤ ምናልባት ሌላ ወረቀት ላይ ናችሁ። ኮልፌን ዛሬውኑ ልቀቂ። ካሳነሽንም ይዘሽ ከሰብሌ ጋር ነይ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ልልሽም አልደፍርም።

ጉልላት

*

ኮልፌ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1933 ዓ.ም.

ጉልላት፤

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣት ወለምታ እንዴት እንደሚታሽ ግን የነገረኝ የለም። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ጠላሁህ። በሁለተኛውም ጠላሁህ። በሦስተኛው እናታችን አንተን አዝላ ስታባብል ታየችኝና ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣልኩት። ይቅር ብዬህ እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ እኔም አላውቀውም።

ነይ ውጪ ብለኸኛል። አልመጣም። የዱባለ አርባ ኅዳር 15 ነው፤ አርባውን ሳላወጣ ከኮልፌ አልነቃነቅም። ካሳነሽም ጋኗን ትታ የት እሄዳለሁ አለች።

እንግዲህ ስማኝ። ስሙን ላክሁ ብለሃል፣ እሺ። ያን ስም ከሰማይ ቀምቶ ወደ ጣሊያን ጆሮ ያስገባው ግን አንተ አይደለህም። ጣሊያኑ አማርኛ አያውቅም፤ ወልደ አማኑኤል ባይኖር ሰላምታህ ለነሱ የወፍ ጫጫታ ነበር። ያ ሰው ነው ቤቴ የገባው። ያ ሰው ነው ዱባለ ሲገረፍ ጥያቄውን የተረጎመው። አሁንም በዚያ ድንኳን ውስጥ የመስከረምን ወረቀት ያገላብጣል፤ አንድ ቀን ስሜ ላይ ይደርሳል። እሱ ከኔ ስም በፊት መሞት አለበት።

አንድ ሰላምታ እንድትልክ እፈልጋለሁ። እንደ በፊቱ በግልጽ። በውስጡ ወልደ አማኑኤልን አመስግነው፤ ስለ ሰጠን ወሬ፣ ስለ ውለታው። እሱ አዛብቶ ቢተረጉመው እንኳ አያመልጥም። ጣሊያኑ ሌላውን ቃል ባያውቅ የአስተርጓሚውን ስም በቀን መቶ ጊዜ ይጠራዋል፤ በራሱ ፊደል ተጽፎ ሲያገኘው ያነበዋል። ከዚያ ሌላ አስተርጓሚ ጠርቶ ያስፈታዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዋርካው ያውቃል።

ዕዳ አለብህ አልልህም። ባሌን በጣትህ ነው የወሰድከው፣ ጣትህን አበድረኝ ነው የምለው።

ሸዋገነት

*

ወጨጫ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸዋገነት፤

ፊታውራሪን ሳማክራቸው እንቢ አሉ። «ሰው መግደል ካማረህ በጥይት ግደል። በ‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ሰው አይገደልም» አሉኝ። ትክክል ናቸው ብዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ለቅኝት ሲወርዱ ጠብቄ ላክሁት።

የላክሁት ቃል ይኸው ነው፤ «ለወልደ አማኑኤል፣ ኮልፌ። ስለ ላክህልን ወሬ እግዚአብሔር ይስጥልን። ውለታህን አንረሳም።» ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ስሙን ሦስት ጊዜ። ገሜዳ ሲያዞር ነበር። ሲያልቅ ዛሬ ሰላምታው አጠረ፣ ለማን ነው አለኝ። ለወዳጅ ነው አልኩት። ጥሩ ወዳጅ መሆን አለበት አለ።

እንደዚያን ቀን ጥርት አድርጌ ልኬ አላውቅም። ደርሶ እንደሆነ ጻፊልኝ። ባይደርስ የምመርጥ ይመስለኛል።

ጉልላት

*

ኮልፌ፣ ኅዳር 6 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጉልላት፤

ደርሷል።

በሦስተኛው ቀን ያዙት። እንዳልኩት ከከተማ ሌላ አስተርጓሚ አመጡ፣ አነጣጥሎ ፈታላቸው። አምስት ቀን ደበደቡት፤ ጩኸቱ እኔ የማጥብበት ድረስ ይሰማ ነበር፣ እኔም ማጠቤን አላቆምኩም። በገበያ ቀን ከዚያው ዋርካ ሥር አመጡት። እግሮቹ ተሰብረው ስለነበር ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው ገመዱን ያስገቡለት። ላየው ሄድኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነው የሄድኩት፣ ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። «አላውቃቸውም» ሲል ሰማሁት። እውነቱን ነበር።

በማግሥቱ ሚስቱ ፀዳለ ደጄ መጣች። የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኜሪዎቹ፣ ቤቷን አሽገውባታል። የባንዳ ሚስት ብለው ጎረቤት አያስጠጋት፣ የአርበኛ ሚስት ብለው ጣሊያን አያስጠጋት። «አንቺም ባልሽን በዚያው ዛፍ ላይ አጥተሻል፣ ሌላ የሚገባው ሰው የለም» አለችኝ። ምን ልበላት? አስገባኋት። በእጇ የነበረው ኮቱ ብቻ ነው። ከገበሩ ውስጥ ወረቀት አውጥታ ማንበብ አልችልም፣ አንብቢልኝ አለችኝ።

ጉልላት፣ ያንተ ሰላምታ ነው። በአማርኛ ገልብጦታል፣ ሳይተረጉመው በፊት የጻፈው ነው። ገሜዳ ወዬሳ ይላል፣ ዱባለ ይላል፣ ሸዋገነት ይላል፣ ካሳነሽ ይላል። የኔና የካሳነሽ ስም ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ተሰርዟል። ቀኑ መስከረም 10 ነው። ያኔውኑ አንብቦኛል። ከወር በላይ በየቀኑ በባኞዬ አጠገብ ሲያልፍ ዓይኔን የማያየው ለዚያ ኖሯል። ፀዳለ እንደ ነገረችኝ፣ በዚያን ሰሞን እህል አልበላም ብሏት፣ ምን ሆነሃል ስትለው፣ «ስም የለም ብላቸው ያውቁብኛል። ወንዶቹን ሰጠኋቸው፣ ሴቶቹን አስቀረሁ» አላት። ዱባለን የገደለ ሰው ነው፤ እሱን አልረሳም። ግን እኔን ያቆየኝም እሱ ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። አዲሱ አስተርጓሚ የቀድሞው የደበቀው ነገር አለ ብሎ የጣሊያኑን የመስከረም መዝገብ ከመጀመሪያው እያነበበ ነው። ትናንት ካሳነሽን ወሰዷት። ጋኖቿን በሰደፍ ሰባብረው፣ እሷን በጠጉሯ ጎትተው ነው የወሰዷት። በዝርዝሩ ላይ ከሷ በፊት ያለሁት እኔ ነበርኩ፤ ያተረፈኝ ምናልባት ቤቴን ሲያጠያይቁ የካምፑ አጣቢ መሆኔን ያላወቀ ሰው ስለገጠማቸው ነው። ነገ የሚያውቅ ይገጥማቸዋል።

ስለዚህ የዱባለን አርባ ሳላወጣ ልወጣ ነው። ይህን ደብዳቤ ሰብሌ ቀድማ ታደርስልሃለች፤ እኔ በማግሥቱ እከተላለሁ። ብቻዬን አልመጣም። ፀዳለን ትቻት ብመጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትሞታለች፤ ስለዚህ አብራኝ ትወጣለች።

ዛሬ ስንቅ ስንቋጥር ድንገት ቀና ብላ፣ «ያን ቀን ባሌን ያመሰገነው ሰው ማን ይሆን? አንቺ ከላይ ሰው አለሽ፣ አልሰማሽም?» አለችኝ። አልሰማሁም አልኳት። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ቤትሽ ያስገባሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ብላ ጉልበቴን ሳመች።

ራዲዮውን የሚያንኳኳው ወንድሜ መሆኑን አታውቅም፤ ማገዶ ለቃሚ ነው ብያታለሁ። እዚያ ስንደርስ እንዳትደበቅ። ትስምሃለች፣ እንዴት ነህ ትልሃለች፤ ገሜዳን በየቀኑ አጠገብህ እንደምታስቀምጠው ሁሉ እሷንም ከእሳቱ አጠገብ አስቀምጣትና፣ ዓይኗን እያየህ ደኅና ነኝ በላት።

ሸዋገነት